አንድ ትል በሦስት ጉበት ውስጥ፦ ዊልያም ካምቤል ዕድሜያቸውን የሰጡት ጥያቄ

ፋሲዮሎይደስ ማግና የሚባል ጥገኛ ትል አለ። ጠፍጣፋ ነው፤ ሲያድግ እስከ 10 ሴንቲ ሜትር ይረዝማል፤ መኖሪያው ጉበት ነው። አጋዘን ጉበት ውስጥ ሲገባ የእንስሳው ሰውነት በዙሪያው ስስ ግድግዳ ያለው ከረጢት ያበጅለታል። ከረጢቱ ወደ ሐሞት ቱቦ የሚያወጣ መንገድ ስላለው ትሉ የሚጥለው እንቁላል በሐሞት ተጠርጎ አንጀት ይደርስና ከበጠጡ ጋር ይወጣል። አጋዘኑም ብዙ ጊዜ የታመመ ሳይመስል ይኖራል። ያው ትል ላም ጉበት ውስጥ ሲገባ ከረጢቱ ወፍራምና ዙሪያውን የተዘጋ ይሆናል። ትሉ ይኖራል፣ እንቁላልም ይጥላል፣ እንቁላሉ ግን መውጫ የለውም። በግ ጉበት ውስጥ ሲገባ ደግሞ የሚያቆመው ከረጢት ጨርሶ አይበጅም። ጉበቱን እየበሳ ሲዞር ይኖራል፤ ጥቂት ትሎች አንድ በግ ለመግደል ይበቃሉ።

በሦስቱም ጉበት ውስጥ የገባው ያው ትል ነው። በአንደኛው ይዋለዳል፤ በሁለተኛው ዘሩ ተቆልፎበት ይቀራል፤ በሦስተኛው ያስጠጋውን ገድሎ አብሮ ይሞታል።

በ1950ዎቹ (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ከአየርላንድ ወደ አሜሪካ የተሻገሩ አንድ ወጣት፣ በዊስኮንሲን ዩኒቨርሲቲ ለዶክትሬታቸው ያጠኑት ይህን ትል ነበር። ስማቸው ዊልያም ካምቤል ነው። በ2015 የሕክምናውን የኖቤል ሽልማት ከጃፓናዊው ሳቶሺ ኦሙራ እና ከቻይናዊቷ ቱ ዩዩ ጋር ሲካፈሉ ዓለም ያወቃቸው አይቨርሜክቲን በተባለው መድኃኒት ነው። ስለ መድኃኒቱ ብዙ ተጽፏል። ታሪኩ አብዛኛውን ጊዜ የሚነገረው እንደ መልካም ዕድል ነው፤ ከአፈር አንድ ተህዋሲ ተገኘ፣ ከተህዋሲው መድኃኒት ወጣ፣ ሚሊዮኖች ዳኑ። እኔ ግን የሰውየውን ሥራ ከጫፍ እስከ ጫፍ ሳየው ዕድሉ ላይ ያደረሳቸው ያ የሦስቱ ጉበት ጥያቄ ሆኖ አገኘዋለሁ። ትል ብቻውን ተነጥሎ አይታወቅም፤ የሚታወቀው ካረፈበት ሰውነት ጋር ነው። ይህ ነገር ምን ማለት እንደሆነ ቀስ ብለን እንየው።

ጥገኛው እና አስጠጊው

በሌላ ፍጡር ሰውነት ውስጥ ወይም ላይ እየኖረ ምግቡን ከዚያ የሚያገኝ፣ ለተጠጋበት ግን ጉዳት እንጂ ጥቅም የማያመጣ ፍጡር ጥገኛ ይባላል። የሚኖርበትን ፍጡር አስጠጊ እንበለው። ጥገኛ ትሎች በግርድፉ ሁለት ወገን ናቸው። ወስፋትና መንጠቆ ትል ከድቡልቡሎቹ ወገን ናቸው፤ ኮሶ፣ የጉበት ትልና የቢልሃርዝያ ትል ከጠፍጣፋዎቹ። ሁለቱም ወገኖች ትል ይባሉ እንጂ በዝምድና እጅግ የተራራቁ ናቸው፤ ይህ መራራቅ ወደ መድኃኒቱ ስንመጣ ዋጋ ይኖረዋል።

ብዙዎቹ ትሎች አንድ አስጠጊ አይበቃቸውም። ትሉ አድጎ የሚዋለድበት ዋና አስጠጊ ሲባል፣ እጩ ለጊዜው የሚቆይበትና መልኩን የሚለውጥበት መካከለኛ አስጠጊ ይባላል። የፋሲዮሎይደስን ጉዞ እንከተል። እንቁላሉ ውሃ ውስጥ ወድቆ ይፈለፈላል። የሚወጣው እጭ ሰውነቱን በሸፈኑት ጥቃቅን ፀጉሮች እየቀዘፈ ቀንድ አውጣ ፍለጋ ይሄዳል፤ ቶሎ ካላገኘ ይሞታል። ካገኘ ሥጋው ውስጥ ዘልቆ ይባዛል። ከዚያ የሚወጡት አዳዲስ እጮች ጅራታቸውን እያርገበገቡ ዋኝተው ውሃ ዳር ያለ ተክል ላይ ይጣበቃሉ፣ ጅራታቸውን ጥለው ጠንካራ ሽፋን ይለብሳሉ። ተክሉን የጋጠ እንስሳ አብሮ ይውጣቸዋል። አንጀቱን በስተው ጉበት የሚደርሱት ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። በእያንዳንዱ ምዕራፍ የሚጠፋው እጭ ቁጥር ስፍር የለውም፤ ትሉ ይህን ያህል እንቁላል የሚጥለውም ለዚህ ነው።

ትልን ከባክቴሪያ የሚለየው አንድ ትልቅ ነገርም እዚህ ላይ መነሳት አለበት። ባክቴሪያ ሰውነት ውስጥ ሲገባ አንዱ ሺህ፣ ሺሁ ሚሊዮን ይሆናል። ከጥቂት ዝርያዎች በቀር ትሎች በዋናው አስጠጊ ውስጥ ቁጥራቸው አይጨምርም። አንድ እጭ ከገባ የሚሆነው አንድ ትል ነው፤ እንቁላሉ ወደ ውጭ ወጥቶ ዙሩን ሳይጨርስ ሌላ ትል አይመጣም። ስለዚህ የትል በሽታን የሚያጠና ሰው ትል መኖር አለመኖሩን ብቻ ጠይቆ አያበቃም፤ ስንት እንዳለም መቁጠር አለበት። ጥቂት የተሸከመ ምንም ላይሰማው ይችላል፤ ብዙ የተሸከመ ደግሞ ደሙ ያልቃል፣ እድገቱ ይቀጭጫል፣ አካሉ ይጎዳል። ትሎቹ በሰዉም ሆነ በመንጋው መካከል እኩል አይከፋፈሉም። አብዛኛውን ትል የሚሸከሙት ጥቂት አስጠጊዎች ናቸው። ይህ በሰውም በእንስሳም፣ በየትኛውም አካባቢ ደጋግሞ የታየ እውነት ነው። እነዚያ ጥቂቶች ለምን እነሱ እንደሆኑ ሲጠየቅ መልሱ በከፊል ለትሉ መጋለጥ ነው፣ በከፊል ምግብ፣ በከፊልም ከወላጅ የተወረሰ የሰውነት መከላከያ ልዩነት ነው።

ከዓሣው ወደ ወፉ

ካምቤል የተወለዱት በ1930 ሲሆን ያደጉት በአየርላንድ፣ ዶኒጎል ውስጥ ራሜልተን በምትባል ትንሽ ከተማ ነው። አባታቸው ለገበሬዎች የእርሻ ዕቃ የሚያቀርቡ ነጋዴ ስለነበሩ የከብትና የበግ ነገር ለልጅየው ሩቅ አልነበረም። ደብሊን ትሪኒቲ ኮሌጅ ገብተው ሥነ እንስሳ ሲያጠኑ፣ ወደ ትሎች የሳቧቸው መምህራቸው ዴዝመንድ ስሚዝ ነበሩ። በ1952 ተመረቁ።

የስሚዝ ሥራ ካምቤል ኋላ ከሠሩት ጋር ጥብቅ ዝምድና አለው። ስኪስቶሴፋለስ የሚባል የኮሶ ዘመድ አለ። መጀመሪያ በጥቃቅን የውሃ ነፍሳት ውስጥ ይኖራል፤ ከዚያ እነዚያን የሚበላ አንድ ትንሽ ዓሣ ውስጥ ይገባል፤ በመጨረሻ ዓሣውን የምትበላ ወፍ አንጀት ውስጥ ይዋለዳል። ዓሣው ውስጥ እያለ እጅግ ያድጋል፣ አንዳንዴም ክብደቱ የዓሣውን ክብደት ያህል ይሆናል፤ እንቁላል ግን አይጥልም። ወፏ ውስጥ በገባ በሁለት ቀን ገደማ ውስጥ እንቁላል መጣል ይጀምራል። ስሚዝ በ1940ዎቹ ትሉን ከዓሣው አውጥተው በብልቃጥ ውስጥ በ40 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሙቀት አቆዩት። ትሉ ጎልምሶ እንቁላል አበጀ። 40 ዲግሪ የወፍ ሰውነት ሙቀት መሆኑን ልብ ይሏል። ትሉ ወፍ ውስጥ መድረሱን ያወቀው በሙቀቱ ነው።

በእኔ እይታ ይህ ከሃያኛው ክፍለ ዘመን የሥነ ትል ሙከራዎች ሁሉ ውብ ከሆኑት አንዱ ነው፤ ምክንያቱም አስጠጊ የሚባለው ነገር ለትሉ የመልእክት ስብስብ መሆኑን አሳየ። ሙቀት፣ የሐሞት ጨው፣ የሆድ አሲድ፣ የኦክስጅን ማነስ፣ እነዚህ ሁሉ ለትሉ "ደርሰሃል" ወይም "አልደረስክም" የሚሉ ምልክቶች ናቸው። የተሳሳተ አስጠጊ ውስጥ የገባ ትል ምልክቶቹ የተደባለቁበት ትል ነው። አንዳንዱ ወዲያው ይሞታል፤ አንዳንዱ በጉ ውስጥ እንደገባው ፋሲዮሎይደስ መቆሚያ አጥቶ ይባዝናል። ሰውም ብዙ ጊዜ የተሳሳተ አስጠጊ ነው። የውሻ ወስፋት እንቁላል የዋጠ ሕፃን ውስጥ እጩ አንጀት ላይ መርጋት አቅቶት ጉበት፣ ሳንባ፣ አንዳንዴም ዓይን ድረስ ይንከራተታል። ጉዳቱ ከመንከራተቱ ይመጣል።

ካምቤል ወደ ዊስኮንሲን ሄደው ፋሲዮሎይደስን ሲያጠኑ የስሚዝን ጥያቄ ይዘው ነበር ማለት ይቻላል። ትሉ የሰሜን አሜሪካ አጋዘኖች ጥገኛ ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ በሳይንስ የተገለጸው ግን በ1875 ጣሊያን ውስጥ ቱሪን አቅራቢያ ነበር፤ ከአሜሪካ በመጡ አጋዘኖች ሆድ ተጉዞ ነው እዚያ የደረሰው። አስጠጊው በተጓዘበት ሁሉ ትሉ ይጓዛል፤ ከደረሰበትም አዲስ ቀንድ አውጣና አዲስ በግ ይጠብቀዋል።

የታመመችው አይጥ

በ1957 ዶክትሬታቸውን ሲያገኙ ካምቤል ኒው ጀርሲ ወደሚገኘው ወደ መርክ የምርምር ተቋም ገቡ፤ እስከ 1990ም እዚያ ሠሩ። የመድኃኒት ኩባንያ ውስጥ የሚሠራ ሳይንቲስት ከዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ ያነሰ የሚመስላቸው ሰዎች አሉ፤ ይህ ታሪክ ሐሳባቸውን ሊያስቀይራቸው ይገባል። በ1961 የመርክ ቡድን፣ ካምቤልም ያሉበት፣ ታያቤንዳዞል የተባለውን መድኃኒት አወጣ። የበግና የከብት የአንጀት ትሎችን በሰፊው የሚገድል፣ ለእንስሳውም ገር የሆነ መድኃኒት ነበር። ግን በ1964 መድኃኒቱን የተቋቋሙ የበግ ትሎች መታየታቸው ተዘገበ። ሦስት ዓመት ብቻ ነው የፈጀባቸው። ስለዚህ አዲስ፣ አሠራሩም የተለየ መድኃኒት መፈለግ ነበረበት።

ፍለጋው እንዴት ይደረግ የሚለው ላይ ነው የካምቤልና የባልደረቦቻቸው ፍርድ የሚታየው። ቀላሉ መንገድ ትሉን ብልቃጥ ውስጥ አኑሮ ኬሚካሉን ማፍሰስ ነው። ፈጣን ነው፣ ርካሽም ነው። ችግሩ ብልቃጥ ውስጥ የሚገድል ኬሚካል ሰውነት ውስጥ ሊፈርስ፣ ሊመርዝ ወይም ትሉ ካለበት ቦታ ሊቀር መቻሉ ነው። በተቃራኒው ብልቃጥ ውስጥ ምንም የማይሠራ ነገር ሰውነት ውስጥ ሊሠራ ይችላል። መርክ ውስጥ የተመረጠው መንገድ በትል የተያዘች አይጥ ነበረች። አይጧ የምትመረመረውን ነገር ከምግቧ ጋር ትበላለች፤ ከዚያ ትሎቿ ይቆጠራሉ። በዚህ ዘዴ አንድ ሙከራ ሦስት ነገር ይመልሳል፦ ትሉ ሞተ ወይ፣ አስጠጊዋ ዳነች ወይ፣ መድኃኒቱስ በአፍ ተወስዶ ትሉ ዘንድ ደረሰ ወይ።

በጃፓን ኪታሳቶ ኢንስቲትዩት ሳቶሺ ኦሙራ ከአፈር ውስጥ ስትሬፕቶማይሲስ የተባሉ ባክቴሪያዎችን እየለዩ፣ ለየት ያሉ የመሰሏቸውን እየመረጡ ለመርክ ይልኩ ነበር። ከተላኩት አንዱ በሺዙዎካ አውራጃ ኢቶ ከተማ፣ ካዋና ላይ ከአንድ የጎልፍ ሜዳ አጠገብ ከተነሳ አፈር የተገኘ ነበር። በ1975 የዚህ ባክቴሪያ ውጤት የተቀላቀለበት ምግብ የበላች አይጥ ከትሏ ነፃች። ከባክቴሪያው የወጡት ኬሚካሎች አቨርሜክቲን ተባሉ። የመርክ ኬሚስቶች ከመካከላቸው አንዱን ጥቂት ለውጠው የተሻለ ደኅንነት ያለው አይቨርሜክቲንን ሠሩ። ለከብቶች የሚሰጠው መጠን ለአንድ ኪሎ ግራም ክብደት 200 ማይክሮ ግራም ነው፤ ማይክሮ ግራም የግራም አንድ ሚሊዮንኛ ነው። ከዚያ በፊት የነበሩት የትል መድኃኒቶች በሚሊ ግራም ይለኩ ስለነበር ይህ አስደናቂ ጉልበት ነበር። በ1981 ለእንስሳት ገበያ ላይ ዋለ።

መድኃኒቱ ትሉን እንጂ አስጠጊውን የማይነካው ለምንድን ነው

ነርቭና ጡንቻ የሚሠሩት በሴሎች ግድግዳ ላይ ባሉ ጥቃቅን መተላለፊያዎች አማካኝነት በሚገቡና በሚወጡ ጨዎች ነው። ድቡልቡል ትሎችና ነፍሳት ግሉታሜት በሚባል ኬሚካል የሚከፈት የክሎራይድ መተላለፊያ አላቸው። አይቨርሜክቲን መተላለፊያው ላይ ይጣበቅና ክፍት አድርጎ ያስቀረዋል። ነርቩ መልእክት ማስተላለፍ ይሳነዋል፤ ትሉ ይሰንፋል፣ መብላትና መንቀሳቀስ ያቅተዋል።

አጥቢ እንስሳት ይህ መተላለፊያ የላቸውም። መድኃኒቱ በደካማው የሚጣበቅባቸው ዘመድ መተላለፊያዎች አሉን፤ እነሱ ያሉት ግን አብዛኛውን አንጎል ውስጥ ነው፣ አንጎልን ከደም የሚለየው ግድግዳ ደግሞ መድኃኒቱን እየመለሰ ያስወጣል። ይህን ሥራ የሚሠራው አንድ ፕሮቲን ነው። ኮሊ የሚባሉ የእረኛ ውሾች ብዙዎቹ የዚህ ፕሮቲን ጂን የተበላሸባቸው ስለሆኑ፣ ሌላውን ውሻ የማይጎዳ መጠን እነሱን ሊያንዘፈዝፍና ሊገድል ይችላል። እዚህም ላይ ውጤቱን የወሰነው አስጠጊው ነው።

ጠፍጣፋ ትሎች ደግሞ ለአይቨርሜክቲን ደንታ የላቸውም። ኮሶን አይገድልም፣ የቢልሃርዝያን ትል አይገድልም፣ የጉበት ትልንም አይገድልም። ካምቤል የዶክትሬት ዘመናቸውን የሰጡለት ፋሲዮሎይደስ ስማቸውን ባስጠራው መድኃኒት አይነካም። ድቡልቡልና ጠፍጣፋ ትሎች ተራራቁ ያልነው ለዚህ ነው፤ "የትል መድኃኒት" ብሎ ነገር የለም፣ የዚህ ወይም የዚያ ትል መድኃኒት እንጂ።

ከፈረስ ቆዳ ወደ ሰው ዓይን

አይቨርሜክቲን ለሰው ሊሆን ይችላል የሚለው ሐሳብ የመጣው ከፈረስ ነው። ፈረሶች አንገት ውስጥ ባለ ጅማት የሚኖር ኦንኮሰርካ የተባለ ድቡልቡል ትል አለ፤ ጥቃቅን እጮቹ ቆዳ ውስጥ ይሰራጫሉ። መድኃኒቱ ለአንጀት ትል በተሰጣቸው ፈረሶች ላይ እነዚያ የቆዳ እጮች እንደጠፉ ታየ። የዚሁ ትል የቅርብ ዘመድ የሆነ ሌላ ኦንኮሰርካ በሰው ላይ የወንዝ ዳር ዓይነ ስውርነትን ያመጣል። ካምቤል የሁለቱን ዝምድና ይዘው በሰው ላይ እንዲሞከር ሐሳብ አቀረቡ።

በሽታው እንዲህ ነው። በኃይል በሚወርዱ ወንዞች የምትራባ ጥቁር ዝንብ ስትነክስ እጭ ታስገባለች። እጩ አድጎ ከቆዳ ሥር እባጭ ውስጥ ይኖራል። ሴቷ እስከ 50 ሴንቲ ሜትር ትረዝማለች፣ ከ10 እስከ 15 ዓመት ትኖራለች፣ በየቀኑም አንድ ሺህ ገደማ ጥቃቅን እጮች ትወልዳለች። እጮቹ ቆዳና ዓይን ውስጥ ይሰራጫሉ። በሕይወት እያሉ የሰውነት መከላከያ ብዙም አይነሳባቸውም። ሲሞቱ ግን ይነሳባቸዋል፤ በሽተኛውን እንቅልፍ የሚነሳው ማሳከክ፣ የቆዳው መበላሸት፣ የዓይን መስታወት መደብዘዝና መታወር የሚመጡት አብዛኛውን ሰውነቱ ለሞቱት እጮች በሚሰጠው ምላሽ ነው። ይህን ቆም ብሎ ማሰብ ይገባል። ሰው የሚታወረው ትሉ ዓይኑን በልቶት አይደለም፤ የገዛ መከላከያው ሊጠብቀው ሲዋጋ ዓይኑን ስለሚያጠፋው ነው።

ቀድሞ የነበረው ዳይኢቲልካርባማዚን የተባለ መድኃኒት ያልተሳካውም በዚህ ምክንያት ነበር። እጮቹን በአንድ ጊዜ ስለሚፈጃቸው የሰውነት ምላሹ ኃይለኛ ይሆንና ሕመምተኛውን ያንቀጠቅጠዋል፣ ዓይኑንም ሊጎዳው ይችላል። ስለዚህ ጥያቄው እጮቹን የሚገድል ነገር የማግኘት ብቻ አልነበረም፤ አስጠጊውን ሳያስቆጣ የሚገድል ነገር ነበር የሚፈለገው። በ1981 የመርክ ሐኪም የነበሩት መሐመድ አዚዝ ሴኔጋል ዳካር ውስጥ በጥቂት ሕመምተኞች ላይ ሙከራውን ሲጀምሩ በጣም በትንሽ መጠን ነበር የጀመሩት። እጮቹ ከቆዳ ጠፉ፤ የተፈራው ኃይለኛ ምላሽም አልታየም።

ለምን አልታየም? መድኃኒቱ ሕሙማን በሚወስዱት መጠን ብልቃጥ ውስጥ ያሉ ጥቃቅን እጮች ላይ ሲፈስ ወዲያው አይሞቱም። ሰውነት ውስጥ ግን በጥቂት ቀናት ይጠፋሉ። ኦንኮሰርካ ካለበት ወገን፣ ከፋይላሪያ ትሎች ጥናት የተገኘው አሳማኝ ማብራሪያ ይህ ነው፦ እጩ ከሰውነት መከላከያ የሚሸሸግባቸውን ኬሚካሎች ያለማቋረጥ ያመነጫል፤ መድኃኒቱ ይህን ማመንጨት ይገታበታል፤ መሸሸጊያውን ሲያጣ የአስጠጊው ነጭ የደም ሴሎች አግኝተው ያስወግዱታል። ማለትም መድኃኒቱ ግማሹን ሥራ ይሠራል፣ ግማሹን የሚጨርሰው አስጠጊው ነው። ብልቃጥ ላይ ብቻ የተመሠረተ ፍለጋ ይህን ኃይል አሳንሶ ያይ ነበር።

በኮቪድ ወረርሽኝ ጊዜ የሆነው ደግሞ የዚሁ ነገር ግልባጭ ነው። በ2020 አይቨርሜክቲን ብልቃጥ ውስጥ ባሉ ሴሎች ላይ ቫይረሱን ቀነሰ ተብሎ ወሬው ዓለምን አዳረሰ። ብልቃጡ ውስጥ የፈሰሰው መጠን ግን በሰው ደም ውስጥ በተለመደው አወሳሰድ ሊደረስበት ከሚችለው እጅግ የላቀ ነበር፤ በሰዎች ላይ የተደረጉት ትልልቅ ጥንቃቄ የተሞላባቸው ሙከራዎችም ጥቅም አላሳዩም። ለእንስሳት የተዘጋጀውን እየወሰዱ የተመረዙ ሰዎች ነበሩ። ያሳዝናል፤ መድኃኒቱ ዝናውን ያገኘው ሕያው አስጠጊ ላይ በተደረገ ምርመራ ነበርና።

በ1987 የመርክ ኃላፊ ሮይ ቫጌሎስ መድኃኒቱ የወንዝ ዳር ዓይነ ስውርነት ላለባቸው አገሮች፣ በሚያስፈልገው መጠን ሁሉ፣ እስከሚያስፈልግበት ጊዜ ድረስ በነፃ እንደሚሰጥ አስታወቁ። በኋላም ዝሆኔ በሽታን በሚያመጣው ትል ላይ እንዲውል ስጦታው ሰፋ። ኮሎምቢያ በ2013፣ ኢኳዶር በ2014፣ ሜክሲኮ በ2015፣ ጓቲማላ በ2016፣ ከአፍሪካ ደግሞ የመጀመሪያዋ ኒጀር በ2025 የበሽታው መተላለፍ መቋረጡ በዓለም ጤና ድርጅት ተረጋገጠላቸው። ካምቤል ይህ ሁሉ የብዙ ሰዎች ሥራ መሆኑን ደጋግመው ተናግረዋል፤ እውነታቸውን ነው። ከመርክ ሲወጡ በኒው ጀርሲ ድሩ ዩኒቨርሲቲ እስከ 2010 ለወጣት ተማሪዎች ሥነ ትልን አስተማሩ፣ ትሎችንም በቀለም ይስላሉ። ትልን አስቀያሚ ብሎ ለሚሸሽ ሰው ይገርም ይሆናል፤ ዕድሜውን ሙሉ ሲያያቸው የኖረ ሰው ግን የሚያየው ሌላ ነው።

ያልተዘጋው ጥያቄ

አይቨርሜክቲን ጥቃቅን እጮቹን ያጠፋል፣ ሴቷንም ለወራት መውለድ ያስቆማታል፤ አዋቂውን ትል ግን በተለመደው መጠን አይገድልም። ስለዚህ ትሎቹ አርጅተው እስኪሞቱ ድረስ በየዓመቱ፣ በአንዳንድ ቦታም በዓመት ከአንድ ጊዜ በላይ፣ ለብዙ ዓመታት መሰጠት አለበት። አንድ ዓመት በጦርነት ወይም በገንዘብ እጥረት ከተዘለለ ሴቷ እንደገና ትወልዳለች፣ ዝንቧም ታነሳዋለች።

ለአዋቂው ትል ከተገኙት መንገዶች አንዱ ማንም ካልጠበቀው አቅጣጫ መጣ። የወንዝ ዳር ዓይነ ስውርነት ትል በራሱ ሰውነት ውስጥ ዎልባኪያ የተባለ ባክቴሪያ ያኖራል፤ ያለ እሱ መዋለድም ረጅም ዕድሜም አይሆንለትም። ጥገኛው ራሱ አስጠጊ ሆኖ ተገኘ። ዶክሲሳይክሊን የተባለው የተለመደ ፀረ ባክቴሪያ ለአራት እስከ ስድስት ሳምንት በየቀኑ ሲወሰድ ዎልባኪያን ይጨርሳል፤ ሴቷ ትመክናለች፣ ቀስ ብላም ትሞታለች። ከዓይን ጉዳቱ ከፊሉ እጮቹ ሲሞቱ በሚለቀቁት በእነዚህ ባክቴሪያዎች የሚመጣ መሆኑም ታውቋል። ሆኖም ለስድስት ሳምንት በየቀኑ መድኃኒት ማዳረስ ለአንድ ሆስፒታል ቀላል ቢሆን ለአንድ አገር ከባድ ነው፤ ለሕፃናትና ለነፍሰ ጡሮችም አይመከርም። በ2018 በአሜሪካ የተፈቀደው ሞክሲዴክቲን የተባለው መድኃኒት ደግሞ እጮቹን ከአይቨርሜክቲን ለረዘመ ጊዜ ያጠፋል፤ አዋቂውን መግደል ግን እሱም አልቻለም።

የበግና የከብት ትሎችም አይቨርሜክቲንን መቋቋም ተምረዋል። መንጋው ሁሉ በአንድ ቀን ሲታከም የሚተርፉት የሚቋቋሙት ብቻ ይሆናሉ፣ የሚወልዱትም እነሱ። አሁን የሚመከረው የተወሰኑትን ጤነኛ እንስሳት ሳያክሙ መተው ነው፤ መድኃኒቱ የሚገድላቸው ትሎች ዘራቸው እንዲቀጥልና የሚቋቋሙትን እንዲያሳንሷቸው። አብዛኛውን ትል የሚሸከሙት ጥቂት አስጠጊዎች ናቸው ያልነው እዚህ ጥቅም ላይ ይውላል፤ እነዚያን ለይቶ ማከም ይበቃልና።

ከሁሉ የሚከብደው ያለው መካከለኛው አፍሪካ ነው። በዚያ ሎአ ሎአ የተባለ ሌላ ድቡልቡል ትል በብዙ ሰዎች ደም ውስጥ እጮቹን ያፈሳል። ደሙ በእነዚህ እጮች እጅግ የተሞላ ሰው አይቨርሜክቲን ሲወስድ እጮቹ በአንድ ጊዜ ስለሚሞቱ አንጎሉ ክፉኛ ሊጎዳ፣ ሊሞትም ይችላል። መድኃኒቱ ያው ነው፣ መጠኑም ያው ነው፤ የተለየው ሰውየው ቀድሞ የተሸከመው ነው። ስለዚህ በእነዚያ አካባቢዎች በጅምላ ከማደል ይልቅ ከጣት በሚወሰድ ጠብታ ደም የእጮቹን ቁጥር የሚለካ፣ ከሞባይል ስልክ ጋር የሚሠራ ትንሽ ማይክሮስኮፕ ተሞክሯል። ቁጥሩ ከተወሰነው ወሰን በታች የሆነለት መድኃኒቱን ይወስዳል፣ በላይ የሆነበት በሌላ መንገድ ይታከማል።